ዓኢሻ ታካሚ ሆና የዋለችበት ቀን

«ቋንቋ የሌላትን ሰው ምን ብዬ ልጠይቃት?» የሚለው ድምፅ ከእናቶች ክፍል ሲወጣ ዓኢሻ ኮሪደሩን እየወለወለች ነበር። ተናጋሪዋ የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ገላኔ ናት። የተባለላት ሴት ቋንቋ አላት፤ በርታኛ ትናገራለች፣ ገበያ ደርሶ ለመመለስ የሚበቃ ዐረብኛም አይጠፋትም። የሌላት አማርኛ ነው። እዚህ ሆስፒታል ግን አማርኛ የሌለው ሰው አፍም እንደሌለው ይቆጠራል፤ ያውም የበርታ አገር መሀል፣ አሶሳ ላይ ተቀምጦ። የሚያናድደው ደግሞ እንዲህ የሚሉት ሰዎች ክፉዎች አለመሆናቸው ነው። ገላኔ ክፉ አይደለችም። ሃያ ሁለት አልጋ አላት፣ ከእሷ ጋር ያለው አንድ ነርስ ብቻ ነው፣ ቤት ውስጥ ሁለት ልጆች ይጠብቋታል፣ ጠዋት ከቤቷ ስትወጣ ፊቷ ገና ከትናንቱ ድካም አልተመለሰም።

ዓኢሻ መወልወያዋን ግድግዳ ላይ አስደገፈች፣ እጇን በአረንጓዴ ጋውኗ ጠረገችና ማንም ሳይጠራት ገባች። የቤቱ አሠራር እንዲህ ነው። በርታኛ የሚሰማ ዋሊድ የሚባል ነርስ ነበረ፤ እሱ ወደ ቶንጎ ከተዛወረ በኋላ በክፍሉ ያለው አስተርጓሚ ጽዳቷ ሆና ቀረች። የሥራ መደቧ ላይ ስለ ማስተርጎም የተጻፈ አንድም ነገር የለም። ታካሚዋ ሩብ ሰዓት የምታወራውን ዓኢሻ በለመደችው አማርኛ አምስት ቃል ታደርገዋለች፤ በዚያች አምስት ቃል መድኃኒት ይታዘዛል፣ በዚያችው አምስት ቃል ሰው ይድናል ወይም አይድንም። ደንቡ አንድ ነው፤ አንዴ ተናግሮ ዞር ማለት። አንድ ቀን ሁለቴ ብትናገር ገላኔ «አንዴ ከነገርሽኝ በቂ ነው ዓኢሻ፣ አትነዝንዢኝ» ብላት ነበር። ከዚያ ወዲህ ዓኢሻ ማንንም ነዝንዛ አታውቅም።

አራት ቁጥር አልጋ ላይ ያለችው ጣሂራ ትባላለች፤ የሆሞሻ ሴት ናት። ትናንት እኩለ ቀን ላይ ሴት ልጅ ወልዳለች፣ ሦስተኛዋ ናት። ባሏ ባቢከር ሌሊቱን አጠገቧ አድሮ፣ ሲነጋ በመጀመሪያው ሚኒባስ የሚያስታምማትን እህቱን ሊያመጣ ወደ ሆሞሻ ሄዷል። ሴትዮዋ አንድ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና፣ በሌላው ጣሪያውን ታያለች። ዓኢሻ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ በቋንቋቸው ምን እንደሆነች ጠየቀቻት።

«ራሴን ከሌሊት ጀምሮ እየፈለጠኝ ነው» አለች ጣሂራ። «አንቺንም ሁለት አድርጌ ነው የማይሽ። ዓይኔን ስሸፍነው ይሻላል። ልጄን አንስቼ እንዳልጥላት ፈራሁ፤ ለሴትዮዋ ንገሪልኝ።»

ዓኢሻ ግንባሯን ነካች፤ ትኩሳት የለም። የፊቷ እብጠት ግን ትናንት ካየችው ብሷል፣ የቀለበት ጣቷም ቀለበቱን ሊውጠው ደርሷል። ዓኢሻ አልተማረችም፤ ዘጠኝ ዓመት የዚህን ክፍል ወለል ያጠበ ሰው ግን የማያየው ነገር የለም። ባለፈው ዓመት ልክ እንዲህ ያለች ሴት እዚያ መስኮቱ ሥር ተኝታ ነበር፤ በማግሥቱ እንዴት ሆና እንደወጣች ዓኢሻ ታውቃለች፣ አልጋውን በበረኪና ያጠበችው እሷ ናትና። ስለዚህ ደነገጠች። ለጣሂራ ግን «አይዞሽ፣ አሁን እነግርልሻለሁ» ብቻ አለቻት።

ገላኔ ጠረጴዛው ዳር ቆማ የቻርቶቹን የሦስት ሰዓት የግፊት ሳጥን እየሞላች ነበር። ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ አዳራሽ ሥልጠና አለ፤ የስም መዝገቡ በሦስት ሰዓት ይዘጋል፣ ያልተገኘ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይደርሰዋል ተብሏል። የሥልጠናው ርዕስ ርኅራኄ ነው፤ ጤና ባለሙያ ታካሚን እንዴት ማክበር፣ እንዴት ማዳመጥ እንዳለበት። የሃያ ሁለት ሰው ግፊት ለክቶ በሰዓቱ አዳራሽ መድረስ አይቻልም፤ ስለዚህ ገላኔ የሌሊቱን ቁጥር እያየች ወደ ጠዋቱ ትገለብጠዋለች። ይህን ያላደረገ ነርስ ካለ እጁን ያውጣ። ዓኢሻ አጠገቧ ቆማ «ሲስተር፣ አራት ቁጥር ሴትዮ…» ስትል ገላኔ ቀና ሳትል «ከሥልጠና ስመለስ፣ ዓኢሻዬ፣ በእናትሽ» አለቻትና ስክሪብቶዋን ደረት ኪሷ ላይ ሰክታ ወጣች። ዓኢሻ በስተኋላዋ ቀረች፤ አምስቱ ቃል ገና አፏ ውስጥ ነበር።

የቀረው ነርስ ጅረኛ ይባላል፤ ከተመረቀ አራት ወሩ። ዓኢሻ ልትፈልገው ብትሄድ ማዋለጃ ክፍል በር ተዘግቷል፣ ከውስጥ «ግፊ፣ ግፊ» የሚል ድምፁ ይሰማል። በሩ ላይ ቆመች። እስኪወጣ ልትጠብቀው ወስና ነበር፤ ይህንን ማንም ሊነሳት አይገባም። ከአዳራሽ የተላከችው የካርድ ክፍሏ ብሪቱ ግን «ዓኢሻ፣ አዳራሽ ትፈለጊያለሽ፣ አሁኑኑ፣ ሲስተር ገላኔም እዚያ ናት» እያለች መጣች። ዓኢሻ ያን ስትሰማ እንደውም ደስ አላት። ከጅረኛ ይልቅ ለገላኔ መንገር ይሻላል፤ ገላኔ ስትደውል ሐኪም ይመጣል። መወልወያዋን ጥላ ፈጠን ፈጠን እያለች ሄደች።

አዳራሹ ይሞቃል። መብራት ሄዷል፣ አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ ያመጣው ፕሮጀክተር ጠረጴዛ ላይ ዝም ብሎ ተቀምጧል፣ ነርሶቹ በሥልጠና ወረቀታቸው ያራግባሉ። አሠልጣኙ ድምፁ ለስላሳ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ለሁሉም ሰው «እርስዎ» የሚል ሰው ነው፤ የሚናገረውም ከልቡ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ላይ መናደድ እንኳ አይመችም። ስላይድ ማሳየት ስላልቻለ የከሰዓቱን የተግባር ልምምድ ወደ ጠዋት አምጥቶታል። ሁለት አግዳሚ ወንበር ገጥመው አልጋ ሠርተዋል። ላዩ ላይ ከዕቃ ግምጃ ቤት የወጣ አዲስ ነጭ አንሶላ ተነጥፏል፤ ዓኢሻ ለክፍሏ ስትለምን «የለም» የተባለችው ዓይነት። አማርኛ በደንብ የማይችል ታካሚ ሆኖ የሚሠራ ሰው ሲፈልግ ሁሉም በአንድ አፍ «ዓኢሻ አለችን» ብለውታል።

አሠልጣኙ ወንበር አቀረበላት፣ እጁን ዘርግቶ ጨበጣት። የእሷ እጅ በረኪና ይሸታል፤ አፈረች። ነርስ የምትሆነው ሲስተር ገላኔ ናት፣ ቀድማ በፈቃዷ ተነሥታለች። ዓኢሻ ገና ከመግባቷ «ሲስተር፣ አራት ቁጥር ሴትዮ ታሟል…» ብላ ጀመረች። አሠልጣኙ ፈገግ ብሎ ትከሻዋን ነካ አደረጋት።

«አይ፣ እናቴ፣ ስለ ሌላ ታካሚ አይደለም። ለዛሬ የታመሙት እርስዎ ነዎት። እዚህ ጋ ይተኙና የሚያምዎትን ለሲስተር ይንገሯት። እሷ ታዳምጥዎታለች።»

ዓኢሻ አዲሱ አንሶላ ላይ በጎኗ ተኛች። ሰላሳ ሰው ያያታል። ጨዋታ መሆኑ አልጠፋትም፤ ሞኝ አይደለችም። ግን ገላኔን ቀና ብላ ስታያት፣ ገላኔ በርከክ ብላ ፊቷን ፊቷ አጠገብ አድርጋለች፤ ስክሪብቶ አልያዘችም፣ ወደ በር አታይም፣ የዓኢሻን ሁለት እጆች በእጆቿ ይዛለች። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ገላኔ ቆማ እንጂ ዝቅ ብላ ሰምታት አታውቅም። ከዚህ የተሻለ መናገሪያ ከየት ይመጣል? በጨዋታም ይሁን በቁም ነገር ጆሮ ያው ጆሮ ነው ብላ አሰበች።

«ራስ በጣም ያመኛል» አለች። «ከሌሊት ጀምሮ። ዓይን ጨለማ ሆነ፣ ሰው ሁለት ሁለት ነው የሚታየኝ። ፊት አብጧል። ትናንት ወለድኩ፣ ልጅ ሴት ነው። አልጋዬ አራት ቁጥር ነው። ባል ሆሞሻ ሄደ፣ ብቻዬን ነኝ። ልጄን እጥላለሁ ብዬ ፈራሁ።»

 በአዳራሹ ማራገቡ ቆመ። ከኋላ አንዷ «ምን ዓይነት ተዋናይ ናት» ብላ ስታንሾካሽክ ተሰማ። ገላኔ የዓኢሻን እጅ ይበልጥ ጠበቅ አደረገችው።

«እናቴ፣ ስለነገሩኝ በጣም አመሰግናለሁ» አለች። «በጣም እንደጨነቅዎት ይገባኛል። አሁኑኑ የደም ግፊትዎን እለካለሁ፣ ሐኪም እጠራለሁ። ብቻዎን አይደሉም፣ እኔ አለሁ።»

ጭብጨባው ቀለጠ። ዓኢሻ ተነሥታ ስትቀመጥ እንባዋ ወርዷል። «እርስዎ» ብላታለች። ከእንባው የሚበልጠው ግን የልቧ ማረፍ ነበር፤ ተናግራለች፣ አልጋውን በቁጥር ጠርታለች፣ እሺ ተብላለች። አሠልጣኙ ምን እንደተሰማት ሲጠይቃት «አልሐምዱሊላህ፣ ሰማችኝ» አለች። አሠልጣኙ ቃሉን ደጋግሞ፣ ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ትልቅ ወረቀት ላይ በማርከር ጻፈው፤ ዓኢሻ ማንበብ ባትችልም የራሷ ቃል መሆኑን አውቃ አንገቷን ደፋች። ገላኔ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ስልኳን አውጥታ ስትነካካ አየቻት። ሐኪሙን እየጠራች ነው አለች በልቧ። የዘመኑ ሰው ሐኪም የሚጠራው በጣቱ ነው። ገላኔ ለቤት ሠራተኛዋ የልጆቹን ምሳ ስለማሞቅ እየጻፈች እንደነበር ዓኢሻ በምን ታውቃለች?

በሻይ ሰዓት ተነሥታ ልትሄድ ብትል «ለሁለተኛው ቡድን ትፈለጊያለሽ» ብለው አስቀሯት። ሻይና ዳቦ ሰጧት። ስለ ሽንኩርት መወደድ ይወራል፣ የባጃጅ ሾፌሮች ከቤንዚኑ ጭማሪ ወዲህ ዋጋ እንደፈለጉ ማድረጋቸው ይወራል፣ ለሥልጠናው አበል አለመኖሩ ከሁሉም ይበልጥ ይወራል። «ርኅራኄ በባዶ ሆድ» አለች አንዷ፤ ተሳሳቁ። ገላኔ ስኳር ጨምራ ብርጭቆውን ለዓኢሻ አቀበለቻትና «ዛሬማ አስለቀስሽን» አለቻት። ዓኢሻ «አራት ቁጥርስ?» ብላ ልትጠይቃት አፏን ከፈተች። ዘጋችው። አንዴ ተነግሯል። ይህችን ደግ ፊት በንዝንዝ ማበላሸት አልፈለገችም፤ ነገም አብረው መዋላቸው አይቀርም።

ሁለተኛው ቡድን ላይ ያንኑ ተናገረች፤ አንድም ቃል አልቀየረችም። የድንገተኛ ክፍሏ ነርስ ሰንበቴም በርከክ ብላ፣ እጇን ይዛ፣ ግፊት እለካለሁ፣ ሐኪም እጠራለሁ አለቻት። ሁለት ሰው ቃል ገባላት ማለት ነው። ምሳ ከነርሶቹ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ በላች፣ ለጣሂራ የሚሆን ዳቦ በናፕኪን ጠቀለለች። ያን ቀን ዓኢሻ ሰው ሆና ውላለች፤ ይህን ማለት ያሳዝናል፣ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

ስምንት ሰዓት አልፎ ወደ ክፍሉ ስትመለስ ከሩቅ የሕፃን ልቅሶ ሰማች። አራት ቁጥር አልጋ ዙሪያ መጋረጃ ተጋርዷል። ጅረኛ በመጋረጃው ሥር ብቅ አለ፤ ላብ በላብ ሆኗል፣ ጓንቱን ማውለቅ ረስቷል። ዓኢሻን ሲያይ ሌላ የሚነግረው ሰው ያጣ ይመስል ለእሷ ይነግራት ጀመር። ሁለት ሴት ተከታትለው ወለዱበት። ከማዋለጃ ክፍል ሲወጣ ልጅቱ ታለቅሳለች፣ እናትየው ጥርሷን ነክሳ እየተንቀጠቀጠች ነው። ሐኪሙ ከቀዶ ጥገና እስኪወርድ ድረስ ሁለት ጊዜ ጣላት። ሲመጣ ምንም የሚሠራው አልነበረውም። «ቻርቷን አይቼ ነበር እኮ» አለ ጅረኛ፣ «የሦስት ሰዓቱ ግፊቷ ደህና ነው ይላል። ደህና ከሚሉት መሀል ስለነበረች ነው ያላየኋት።» ደግሞ ደጋግሞ «ደህና ነው ይላል» አለ፤ ማልቀስ የፈለገ ልጅ ነበር፣ የሚያለቅስበት ቦታ ግን አልነበረም።

ዓኢሻ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ገባች። የጣሂራ አንድ እጅ ከአልጋው ወርዶ ነበር። ዓኢሻ እጁን አንሥታ ደረቷ ላይ አደረገችላት፣ አገጯን በነጠላዋ ጫፍ አሰረችላት፣ ለሞተ ሰው የሚባለውንም ዱዓ በዝግታ አለችላት። ከዚያ ሕፃኗን አቅፋ ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ሄደች፤ እዚያ ፀሐይ ስለማይገባ ይቀዘቅዛል፣ ሰውም አይመጣም። ገላኔ እዚያ አገኘቻት። ሮጣ ነው የመጣችው፣ የሥልጠናው ባጅ ገና አንገቷ ላይ ነው።

«ጅረኛ ነገረኝ» አለች። «ጠዋት አናግረሻታል አይደል? ምን አለችሽ?»

«ራስ ያመኛል አለ። ዓይን ጨለማ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

ዓኢሻ ሕፃኗን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረች። «ነገርኩሽ» አለች።

ገላኔ «መቼ?» ልትል ነበር፤ የመጀመሪያዋ ፊደል ከአፏ ወጥታ ቀረች። ፊቷ ላይ የሆነውን ዓኢሻ ማየት አልፈለገችም፤ ወለሉን አየች። ገላኔ የቆሸሸ አንሶላ የታጨቀበት ጆንያ ላይ ቁጭ አለች፤ ምንጊዜም የማትነካውን ጆንያ።  ውጭ የውኃ ታንከሩ ይንጠባጠባል፣ ሕፃኗ የዓኢሻን ጋውን ቁልፍ በአፏ ትፈልጋለች።

«ትወና መስሎኝ» አለች ገላኔ በመጨረሻ።

«እኔ ደግሞ እውነት መሰለኝ» አለች ዓኢሻ።

ከዚያ በኋላ ገላኔ አለቀሰች፣ እውነተኛ ልቅሶ ነው፤ አለቀሰችና ፊቷን ጠርጋ ለመነቻት። ለሦስት ሰዓት ብላ የጻፈችውን ቁጥር ካነሡ፣ ዓኢሻም አዳራሽ ያለችውን ካነሡ፣ ፈቃዷን ይነጥቋታል፣ ምናልባትም ያስሯታል። ልጆቹ ገና ትንንሾች ናቸው። «አንቺንም አይለቁሽም» አለች፤ «ጅረኛ እያለ ለምን ለእሱ አልነገርሽም ይሉሻል። ጽዳት ናት ብለው አይተውሽም ዓኢሻ።» ዛቻ አልነበረም። ዛቻ ቢሆን ዓኢሻ ይቀላት ነበር። እውነት ነበር፤ ከሻይ በፊት፣ ከሻይ በኋላ፣ ከምሳ በፊት ተነሥታ መሄድ ትችል ነበር። ማንም አላሰራትም። ወንበር ሰጥተዋት፣ «እርስዎ» ብለዋት፣ ደስ ብሏት ተቀምጣለች። ይህን ለማን ትናገራለች?

ባቢከር አሥር ሰዓት ላይ ደረሰ፤ እህቱ ኑሃ ከኋላው በጨርቅ የተጠቀለለ የገንፎ ድስት ይዛለች። የመንገዱ አቧራ ሽፋሽፍታቸው ላይ ነው። ገላኔ ወደ ክፍሏ አስገባቻቸው፣ በሩን ዘጋች፣ ወንበሯን ከጠረጴዛው ጀርባ አውጥታ ከፊታቸው አስቀመጠች። ዝቅ ብላ፣ ዓይናቸውን እያየች፣ እጇን ባቢከር አጠገብ አድርጋ ነው የተናገረችው። ዓኢሻ ከሕፃኗ ጋር መሀል ቆማ ቃል በቃል ወደ በርታኛ አዞረችው፤ በድንገት ነው፣ በጣም እናዝናለን፣ የሚቻለውን ሁሉ አድርገናል። አንድ ቃል አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም። ኑሃ ድስቱን እንደያዘች መሬት ላይ ተቀመጠች። ባቢከር ቆይቶ ወደ ገላኔ ሳይሆን ወደ ዓኢሻ ዞረ፣ በራሳቸው ቋንቋም ጠየቃት።

«ጠዋት ስለያት ራሴን ያመኛል ብላኝ ነበር። እኔም እነሱ ያውቃሉ ብዬ ሄድኩ። ለአንቺ ያለችሽ ነገር አለ? አሟት ነበር? ሰው ጠርታ ነበር?»

ገላኔ በርታኛ አትሰማም። ከዓኢሻ አፍ የሚወጣውን ለማወቅ ፊቷን ብቻ ታያለች። የሕፃኗ ጭንቅላት የዓኢሻ ክርን ውስጥ ይሞቃል። ዓኢሻ ለዘጠኝ ዓመት የሰው ቃል ተሸክማ ከበርታኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ በርታኛ ስታመላልስ አንድ ቀን እንኳ ዋሽታ አታውቅም።

«ምንም አላለችም» አለችው። «ተኝታ ነበር። በእንቅልፏ ነው የሄደችው።»

ባቢከር ራሱን ነቀነቀ፣ ብዙ ጊዜ ነቀነቀ። ልጁን ተቀበላት። ከዚያ ነፃ የሆነ እጁን ዘርግቶ የዓኢሻን እጅ ያዘ፤ አያቶች እንደሚይዙት አድርጎ፣ ዝቅ ብሎ።

«አላህ ይስጥሽ» አለ። «አንቺ እዚህ ስላለሽ ነው ትቻት የሄድኩት። ቢያንስ የሚሰማት ሰው አጠገቧ ነበረ።»

ገላኔ በጭንቀት ወደ ዓኢሻ ቀረብ አለች። «ምን አለ?» አለቻት በአማርኛ።

«አመሰገነ» አለች ዓኢሻ።